ሁለት ቁርጥራጭ ወረቀትና የእግዚአብሔር ፈቃድ

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ዕድሜዬ 28 ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት አገለግላለሁ። ከአንድ ወር በፊት አዲስ አበባ ከሚገኝ ሌላ ድርጅት፣ አሁን የማገኘውን እጥፍ በሚጠጋ ደመወዝ፣ የሥራ ጥሪ ደርሶኛል፤ መልሴንም እስከ ኅዳር 30 እንዳሳውቅ ተነግሮኛል። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወንድሜ ናቸው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊኗን ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። ፈቃደ እግዚአብሔርን ለማወቅ ብዙ ጸለይሁ። የነፍስ አባቴ "ጸልዪበት" አሉኝ፤ ጓደኛዬ "እግዚአብሔር ያልከፈተውን በር ማን ይከፍተዋል?" አለችኝ፤ አንድ ባሕታዊ ነኝ ያሉ ሰው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቁመውኝ፣ ምንም ሳልነግራቸው፣ "ከዚህ ከተማ ብትወጪ የሚጠብቅሽ መልካም አይደለም" ብለው አስደነገጡኝ። በመጨረሻ በሁለት ቁርጥራጭ ወረቀት "ሂጂ" እና "አትሂጂ" ብዬ ጻፍሁና አጥፌ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኋቸው፤ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ዐይኔን ጨፍኜ አንዱን ሳወጣ "አትሂጂ" ወጣ። ልቤ ስላላረፈ በማግሥቱ ደገምሁት፤ "ሂጂ" ወጣ። አሁን ከበፊቱ ይልቅ ግራ ገብቶኛል። ነገሩ ከተቃናልኝም ለታኅሣሥ 19 ጥላ አስገባለሁ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስያለሁ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን ልወቅ? ብሳሳትስ ካዘጋጀልኝ መንገድ ወጥቼ እቀራለሁን? ለእናቴ እንዳትጨነቅ ብዬ እስካሁን አልነገርኋትም።

መልስ፦

እኅቴ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ከሁለቱ ወረቀቶች ልጀምር፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የነገሩኝ እነርሱ ናቸውና። በመጀመሪያው ቀን "አትሂጂ" ሲወጣልሽ ልብሽ አላረፈም፤ በማግሥቱም ደገምሽው። ዕጣው በእውነት የእግዚአብሔር ድምፅ እንደ ሆነ አምነሽ ቢሆን ኖሮ መድገሙ ድፍረት በሆነ ነበር፤ ድምፁ እንዳልሆነ ግን አንቺም በልብሽ ታውቂዋለሽ። ወረቀቶቹ አንድ ነገር ገልጠው ከሆነ የገለጡት የራስሽን ፈቃድ ነው፦ መሄድ ትፈልጊያለሽ። ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የራሱን ፍላጎት ለይቶ ያላወቀ ሰው ፍላጎቱን "ፈቃደ እግዚአብሔር" ብሎ ለመሰየም ይቸኩላልና። መሄድ መፈለግሽም በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ከወዲሁ እወቂው።

"ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለምን?" ትዪ ይሆናል። አዎን፣ በይሁዳ ምትክ ማትያስን ሲመርጡ ጥለዋል (ሐዋ. 1፥26)። ዕጣው የተጣለው ግን ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብረው መኖራቸው በተመሰከረላቸው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ መመዘን የሚገባው ሁሉ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። መንፈስ ቅዱስ በበዓለ ኀምሳ ከወረደ ወዲያ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናነብም። ሰባቱን ዲያቆናት በመልካም ምስክርነታቸውና በጥበባቸው አስመረጡ (ሐዋ. 6፥3)፤ ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ምክንያት የተነሣውን ክርክር በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ ተነጋግረው፣ የነቢያትን ቃል ጠቅሰው ወሰኑ፤ ውሳኔውንም የመንፈስ ቅዱስና የእነርሱ አድርገው ጻፉት (ሐዋ. 15፥28)። የጌዴዎንን ፀምር፣ ማለትም ጤዛ እንዲወርድበት ምልክት አድርጎ የጠየቀበትን የበግ ጠጉር፣ አንሥተው የሚከራከሩም አሉ። ያ ፀምር በሊቃውንቶቻችን ትርጓሜ የእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ የከበረ ነው፤ ጌዴዎን ራሱ ግን ምልክት ሲጠይቅ ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እስራኤልን እንዲያድን ሂድ ተብሏልና (መሳ. 6፥14)። የጎደለው ድፍረት ነበር፤ እግዚአብሔርም ድካሙን ታገሠለት። ከእግዚአብሔር ትዕግሥት ላይ ደንብ ማውጣት ደግሞ ለእኛ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። "የእግዚአብሔር ፈቃድ" የሚለውን ቃል ከአፋችን አንለየውም። ለነገ ስንቀጣጠር "እርሱ ከፈቀደ" እንላለን፤ የጠበቅነው ሲቀር "አልፈቀደልኝም" እንላለን። መልካም ልማድ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም እንዲህ እንድንል አስተምሮናል (ያዕ. 4፥15)። ነገር ግን በዚህ አነጋገራችን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይኖራሉ። አንዱ እግዚአብሔር እኔ እንዳደርገው የሚወድደው ነገር ነው፤ ሌላው ነገ በእኔ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። የመጀመሪያው ተነግሮናል፤ ተጽፏል፤ በየቅዳሴው ይነበብልናል። ሁለተኛው በእግዚአብሔር እጅ ተሰውሮ ይኖራል፤ እስኪሆን ድረስም አብዛኛውን ጊዜ አይነገረንም። ሰው "ፈቃድህን ግለጥልኝ" ብሎ ሲያለቅስ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው፦ ብሄድ ይሳካልኛልን? እናቴ ትድንልኛለችን? እዚያ የሚያገባኝ ሰው አገኛለሁን? ወይስ እጸጸታለሁ? ጥያቄሽን ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር የታየኝ ይህ ነው፤ የምትፈልጊው ፈቃዱን ማወቅ ከሆነ የምትችዪውን ያህል ቀድሞውንም ታውቂያለሽ፤ የምትፈልጊው ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ከሆነ ግን የጠየቅሽው ሌላ ነገር ነው።

በየቀኑ የምትደግሚውን ጸሎት አስቢው። ወረቀቶቹን ከማውጣትሽ በፊትም ደግመሽዋል። "ይኩን ፈቃድከ" ነው የምንለው፤ "ፈቃድህ ትሁን"። "ፈቃድህ ይነገረኝ" አላልንም፤ ጌታም እንዲህ ብላችሁ ለምኑ አላለንም። "ትሁን" የሚል ሰው ምን እንደሚሆን ሳያውቅ አስቀድሞ እሺ ብሏል። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ፣ ስለ እኛ በለበሰው ሥጋ፣ ይህች ጽዋ ብትቻል እንድታልፍ ከለመነ በኋላ "አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን" ብሎ የእሺታን መንገድ አሳየን (ማቴ. 26፥39)። አንቺ ግን በወረቀቶቹ ያደረግሽው፣ በቅንነት ቢሆንም፣ ተቃራኒው ነው፦ "አስቀድሞ ይነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ እሺ እላለሁ" የማለት ያህል ነው።

የተነገረን ፈቃድ የቱ ነው? ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ቃሉን በስሙ ጠርቶ ይነግረናል። "ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ እርሱም መቀደሳችሁ ነው" ይላል (1ኛ ተሰ. 4፥3)፤ ዝቅ ብሎም ሁልጊዜ ደስ እንዲለን፣ ሳናቋርጥ እንድንጸልይ፣ በሁሉ እንድናመሰግን ካዘዘ በኋላ ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ ይጨምራል (5፥16-18)። እንግዲህ ከሐዋሳ ሆነሽም ሆነ ከአዲስ አበባ ሆነሽ መቀደስ፣ መጸለይ፣ ማመስገን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ይህ መልስ ብዙ ሰዎችን እንደማያረካ አውቃለሁ፤ በሠርክ ጉባኤ ስናገረው ከፊት የተቀመጡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሲወጡ ግን "መምህር፣ የእኔ ጉዳይ ግን ለየት ያለ ነው" ብለው ይጠብቁኛል። ያንቺም ጉዳይ ለየት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ወደ እርሱ ልምጣ።

በጉዳይሽ ውስጥ ትእዛዝ ያለበት ስፍራ አንድ ነው፤ እርሱም የእናትሽ ነገር ነው። "አባትህንና እናትህን አክብር" የሚለው ትእዛዝ እጅ ከመንሣት ያልፋል። ጌታችን ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ነገሮች አንዱ ሰው ለወላጆቹ ሊሰጠው የሚገባውን "ቁርባን ነው"፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብሎ እንዲከለክላቸው መፍቀዳቸው ነው (ማር. 7፥11-12)። መንፈሳዊ በሚመስል ቃል ግዴታን መሸሽ እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን። ሐዋርያውም ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ይቈጠራል ብሎ እጅግ የከበደ ቃል ተናግሯል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ስለዚህ እናትሽ እንዲጦሩና ሕክምናቸው እንዳይጓደል የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ለማወቅ ሱባኤ መግባት አያስፈልግሽም። መርፌውን የግድ የአንቺ እጅ ብቻ እንዲወጋ ግን አልታዘዘም። እንዴት እንደሚጦሩ ለአእምሮሽ፣ ለፍቅርሽና ለትጋትሽ የተተወ ነው።

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። አንቺ የሒሳብ ባለሙያ ነሽ፤ ይህ ጥቅስ ለማንም ባይሆን ለአንቺ ነው። ስለዚህ ቍጠሪ። እጥፍ የሚጠጋው ደመወዝ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከተነሣለት በኋላ ምን ያህል ይቀራል? ከዚያ ላይ ወደ ቤት የሚላከው ስንት ነው? እናትሽ በራሳቸው መርፌ መውጋትን መማር ይችላሉን? ብዙ ሕመምተኞች በጤና ባለሙያ ተምረው ራሳቸው ይወጋሉ፤ ዐይናቸው ወይም እጃቸው የማይፈቅድላቸው ደግሞ አሉ፤ ይህን የሚያውቁት የሚከታተሏቸው ሐኪም ናቸው። ወንድምሽ ይተካኛል ብለሽ አስበሽ ከሆነ ደግሞ በደብዳቤሽ ያላነሣሽውን አንድ ነገር ላስታውስሽ፦ ልጁ 12ኛ ክፍል ነው፤ ፈተናውን ካለፈ በሚቀጥለው ዓመት የሚመደብበት ዩኒቨርሲቲ የት እንደሚሆን አይታወቅም። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ማን ይቀራል? አዲስ አበባ ከሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሰው ስኳር በሌሊት ሲወርድ ከዚያ ተነሥቶ መድረስ አይቻልም። ወይስ እናትሽን ይዘሽ መሄድ ይቻላል? እርሳቸውስ ጎረቤታቸውን፣ ማኅበራቸውን፣ ደብራቸውን ትተው መሄድ ይወዳሉን? እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ከጸሎት ያነሰ ሥራ አይምሰልሽ። ማሰብን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ምን እንደ ሆነ ፈትናችሁ ታውቁ ዘንድ በልባችሁ መታደስ ተለወጡ" ሲለን የታደሰ ልብ እንዲፈትን፣ እንዲመዝን ነው (ሮሜ 12፥2)። እዚሁ ሐይቃችን ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ወደ ጀልባ ሲገቡ በስመ አብ ብለው ያማትባሉ፤ አማትበው ሲያበቁም ነፋሱን ያያሉ። ማማተባቸው ነፋሱን ከማየት አይከለክላቸውም።

ጓደኛሽ "እግዚአብሔር ያልከፈተውን በር ማን ይከፍተዋል?" ያለችሽ ቃል እውነት አለበት፤ ግን የተከፈተ በር ሁሉ እንድንገባበት የተከፈተ አይደለም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ በተነሣ ጊዜ ወደ ኢዮጴ ወረደ፤ ወዲያውም ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፤ የመርከቡን ዋጋም ከፈለ (ዮናስ 1፥3)። መርከቡ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ገንዘቡም በእጁ ነበር፤ ቦታም አልጠፋም። እንደ ዛሬው አነጋገር ሁሉ ነገር ተከፈተለት። ዳዊትም ሲያሳድደው የነበረው ሳኦል ብቻውን ወደ ዋሻው በገባ ጊዜ ሰዎቹ "እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ የሰጠበት ቀን ይህ ነው" አሉት። ሁኔታውን ብቻ ላየ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የት ይገኛል? ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያውም ልቡ መታው (1ኛ ሳሙ. 24፥4-6)። በእግዚአብሔር የተቀባውን መግደል እንደማይገባው ያውቅ ስለ ነበር ትእዛዙን በምልክቱ አልሻረውም።

ስለዚህ ነገር የራሴንም ጥፋት ልናገር። ከ20 ዓመት በፊት፣ ሥራ ፈልጌ በነበረበት ወራት፣ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ነጋዴ ዘንድ የጽሕፈት ሥራ ተገኘልኝ። እኔም እንደ አንቺ ምልክት ጠየቅሁ፦ "ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወንበር ካገኘሁ ፈቃድህ ነው" አልሁ። በማለዳ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ተመልሼ ልሄድ ስል አንድ ሰውዬ ዕቃ ረስቼአለሁ ብሎ ከነሻንጣው ወረደ፤ ረዳቱም "አንድ ሰው!" ብሎ ተጣራ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እንባዬ መጣ፤ እግዚአብሔር በስሜ የጠራኝ መስሎኝ ነበር። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት ነጋዴው ሁለት መዝገብ እንደሚያስጽፍ ገባኝ፤ አንዱ ለግብር የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው እውነተኛው ነው። በወንበሩ ምክንያት ሰባት ወር ሙሉ በሐሰት መዝገብ ላይ ስጽፍ ኖርሁ፤ "እግዚአብሔር ያመጣኝ ስፍራ ነው፤ እንዴት እተወዋለሁ?" እያልሁ ነበርና። አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ "ምን ልታሠሩኝ ነው?" ብዬ ነበር። አንቺም ወደምትሄጂበት ድርጅት ከመሄድሽ በፊት ሒሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ከአንቺ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ሰው ለምን እንደ ለቀቀ ጠይቂ። በሐሰት ሰነድ ላይ እንድትፈርሚ የሚያደርግ ሥራ ከሆነ ደመወዙ ዐሥር እጥፍ ቢሆንም መልሱ ተጽፏል፤ በሐሰት አትመስክር።

ባሕታዊ ነኝ ስላሉት ሰው ብዙ አልናገርም። በበረሓ የሚኖሩ እውነተኞች አባቶች እንዳሉን አምናለሁ፤ እነርሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው መንገደኛን በፍርሃት አያንቀጠቅጡም። ወንጌላዊው ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ይልቁንም እንድንመረምር ያዝዘናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)። "የሚጠብቅሽ መልካም አይደለም" የሚለው ቃል ንስሐ አይሰጥም፤ ምክር አይሰጥም፤ መፍራትን ብቻ ይሰጣል። ዝም ብለሽ እለፊው። ቀጥሎ ኮከብ የሚቈጥር ሰው ጋ ልውሰድሽ የሚልሽ ዘመድም አይጠፋም፤ እርሱን በፍጹም አትስሚው።

እውነተኛ የእግዚአብሔር ሰው እንኳ ከራሱ አሳብ ሊናገር እንደሚችል ግን መጽሐፍ ያሳየናል። ዳዊት ቤተ መቅደስ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ነቢዩ ናታን "በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ" አለው፤ በዚያው ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል መጥቶ ናታንን አረመው (2ኛ ሳሙ. 7፥3-5)። ነቢይ እንዲህ ከሆነ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ምን ልሁን? ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ደናግል ሲጽፍ የጌታ ትእዛዝ እንደሌለው፣ ምክር ብቻ እንደሚሰጥ ለይቶ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 7፥25)። ለእናትሽ ማሰብ እንደሚገባሽና በሐሰት መዝገብ መፈረም እንደማይገባሽ የጻፍሁልሽ ትእዛዝ ነው፤ የእኔም ቃል አይደለም። ስለ ኪራይ፣ ስለ ወንድምሽና ስለ ሐኪሙ የጻፍሁት ግን ምክሬ ነው፤ የተሻለ ምክር ብታገኚ ተዪው።

የነፍስ አባትሽ "ጸልዪበት" ማለታቸው አጭር መልስ ሆኖብሽ ከሆነ፣ አንቺም ምናልባት በአጭሩ ነግረሻቸው ይሆናል። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል ሆኖ "አባ፣ ሥራ ልቀይር ነው" ለሚል ሰው ሌላ ምን ይባላል? ቀን አስይዘሽ ሂጂ፤ የእናትሽን ሕመም፣ የወንድምሽን ትምህርት፣ ብሩን፣ በልብሽ ያለውንም ፍላጎት አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያቸው። ንስሐ ካለብሽም ግቢ። አሁን ያለንበት ጾመ ነቢያት ነው፤ ሌላ ሱባኤ መጨመር ብትወጂ በእርሳቸው ፈቃድ አድርጊው እንጂ በራስሽ አትጀምሪ። ጾምና ጸሎት እግዚአብሔርን መልስ እንዲሰጥ የምናስገድድባቸው አይደሉም፤ እኛ እንድንሰማ ጩኸታችንን ጸጥ የሚያሰኙ ናቸው። የመነኮሳት አባት የሆነው ቅዱስ እንጦንስ "ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ" የሚለውን ቃል የሰማው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወንጌል ሲነበብ ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ወጣቱ ወላጆቹ የሞቱበት፣ ታናሽ እኅት የቀረችለት ሰው ነበር። ቃሉን በሰማ ጊዜ ሀብቱን ሰጠ፤ እኅቱን ግን በጎዳና ጥሎ ወደ በረሓ አልሮጠም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ፣ አኗኗሯን አስተካክሎ ነው የመነነው። ዓለምን የናቀው አባት የእኅቱን ኑሮ ሳያሰናዳ እንዳልወጣ ልብ በዪ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ የእናትሽ ነገር ተስተካክሎ፣ ሥራውም ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ቀጥሎ ምን ይሆናል? ብትሄጂም ብትቀሪም ኃጢአት የለብሽም። ይህ አንዳንዱን ሰው ያስደነግጠዋል፤ እግዚአብሔር በእያንዳንዱ መንታ መንገድ ላይ አንዱን ብቻ ፈቅዶ ሌላውን እንደ ወጥመድ ያስቀመጠ ይመስለዋልና። ሐዋርያው ግን ባል የሞተባትን ሴት የወደደችውን ለማግባት ነጻ ናት ካለ በኋላ የጨመረው አንድ ወሰን ብቻ ነው፦ "በጌታ ይሁን" (1ኛ ቆሮ. 7፥39)። ከትዳር የሚበልጥ የኑሮ ውሳኔ የለም፤ በእርሱ እንኳ ወሰኑን አሳይቶ በወሰኑ ውስጥ ምርጫውን ለእርሷ ተወላት። አባት ልጁን በግቢው ውስጥ እንዲጫወት ሲፈቅድለት የሚረግጠውን ድንጋይ አይቈጥርበትም።

"ብሳሳትስ?" ላልሽው፣ ወደ ዳዊት ልመልስሽ። ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ነገር ግን ሰሎሞን ቤቱን በመረቀ ጊዜ እንደ ተናገረው፣ እግዚአብሔር ዳዊትን ይህን በልቡ በማሰቡ መልካም እንዳደረገ መሰከረለት (1ኛ ነገ. 8፥18)። አሳቡ ተከለከለ፤ ልቡ ግን ተመሰገነ። ቅዱስ ጳውሎስና ባልንጀሮቹም በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞከሩ፤ አሁንም አልተፈቀደላቸውም፤ ወደ ጢሮአዳ በወረዱ ጊዜ የመቄዶንያው ሰው ለጳውሎስ በራእይ ታየው (ሐዋ. 16፥6-10)። ሁለት ጊዜ የተመለሱት በመንገድ ላይ ሳሉ እንጂ ቤታቸው ተቀምጠው ራእይ እየጠበቁ አልነበረም፤ በተሳሳተ አቅጣጫ መጀመራቸውም አልተቈጠረባቸውም። ሄደሽ ሳይሆን ቢቀር ትመለሻለሽ። ሐዋሳ የትም አትሄድም።

የቀረው ስእለቱ ነው። "ነገሩ ከተቃናልኝ" ብለሽ ተስለሻል፤ መቃናት ማለት ምን እንደ ሆነ ግን አልወሰንሽም። ሥራውን ማግኘት ነውን? እናትሽ ሳይጎዱ መሄድሽ ነውን? ወይስ ቀርተሽ ልብሽ ማረፉ? የተሳሉትን መፈጸም ይገባል፤ አለመሳል ግን ኃጢአት አይደለም (ዘዳ. 23፥21-22)። ስለዚህ ጥላውን የመሄድሽ ዋጋ አድርገሽ አትያዢው፤ ይህንንም ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸውና እንደሚሉሽ አድርጊ። በታኅሣሥ 19 ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ከቅዱስ ገብርኤል ደጅ እስከ አደባባዩ ሞልቶ ሲቆም የሚነበበው የሦስቱ ወጣቶች ታሪክ ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል ለንጉሡ ነገሩት፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም አሉት (ዳን. 3፥17-18)። መልአኩ ወደ እቶኑ እንደሚወርድ አልተነገራቸውም፤ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ግን ያውቁ ነበር፤ እርሱም በቃቸው።

ደብዳቤሽን ሳጠናቅቅ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የመጨረሻው መስመር ነው። የነፍስ አባትሽን፣ ጓደኛሽን፣ ወረቀትን፣ እኔን ጠይቀሻል፤ እናትሽን ግን አልጠየቅሽም። ርብቃን ወደ ይስሐቅ ሊወስዷት በተነሡ ጊዜ የአብርሃም ሎሌ ጸልዮ ነበር፤ የለመነውም ምልክት ተፈጽሞለት ነበር፤ ቤተ ሰዎቿም ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ አምነው ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ብላቴናይቱን ጠርተው "ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?" ብለው ጠየቋት (ዘፍ. 24፥58)። ነገሩ የሚነካውን ሰው መጠየቅ እምነት ማጉደል አልመሰላቸውም። እናትሽ እንዳይጨነቁ ብለሽ ደብቀሻቸዋል፤ ከአንድ ወር በላይ ምግብ ሲያንስሽ፣ ሌሊት ስትነሺ ያዩ እናት ግን ምንም እንዳልሆነ አድርገው ያድራሉ ብለሽ ታስቢያለሽን? ነገ ጠዋት ስኳራቸውን ለክተሽ፣ መርፌውን ከወጋሽ በኋላ፣ ቁርስ እየበሉ ሳሉ ንገሪያቸው። የሚሉሽን ስሚና ጻፊልኝ፤ እስከ ኅዳር 30 ገና ጊዜ አለ።